የአማቴ ቅድመ አያት የካንሳስ ገበሬ ነበር፣ ከዛ በፊት ግን የት ነበር? እስቲ የምታውቁ

የዴንቨሯ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። እዚህ ውስጥ የአሜሪካ መዝገብ ምናምን የምታገላብጡ ሰዎች እንዳላችሁ ስላየሁ ነው የምጽፈው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ እዚሁ ዴንቨር ተወልዶ ያደገ፣ የእናቱ ወገን ግን ከካንሳስ ገጠር ነው፣ ግራሃም ካውንቲ ውስጥ ኒኮዲመስ ከሚባል መንደር። ለማታውቁት፣ ባርነት ካበቃ በኋላ በ1877 ከኬንታኪ የተነሱ ሰዎች ሄደው ያቀኑት የገበሬ መንደር ነው፣ ዛሬ ነዋሪው በጣም ትንሽ ነው ግን ከ1996 ጀምሮ የፌደራል መንግስቱ በታሪካዊ ቦታነት ይጠብቀዋል።

አማቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የአባታቸውን አባት በልጅነታቸው ያስታውሳሉ፣ በ1880 እዛው ካንሳስ የተወለደ ሰው ነው። የሱ አባት ግን፣ ማለትም ከኬንታኪ የመጣው ሰውዬ፣ ስሙና ሶስት ነገር ብቻ ነው ቤተሰቡ ውስጥ የቀረው፦ ገበሬ ነበር፣ ወታደር ሆኖ ለሊንከን ተዋግቷል፣ ቶሎ ሞተ። ፎቶ የለም፣ መቃብሩንም የሚያውቅ የለም። እኔ ልጆቼን በኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት አስቆጥሬያቸዋለሁ፣ በአባታቸው በኩል ሲቆጥሩ አምስተኛው ላይ ይቆሙና ያዩኛል፣ እሱን ነው መፍታት የምፈልገው፣ አማቴም በህይወት እያሉ እንዲሰሙት።

እስካሁን ያገኘሁት፦ የ1880 ቆጠራ ላይ አለ፣ ዕድሜው 35፣ የትውልድ ቦታ ኬንታኪ፣ ስራ ገበሬ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር። የ1870 ቆጠራ ላይ ኬንታኪ ውስጥ በዛ ስም ብዙ ሰው አለ፣ በተለያየ ካውንቲ፣ የትኛው የኛ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። 1890 ጭራሽ የለም። የመንግስት መሬት ዌብሳይት ላይ ስሙን ባስገባ ምንም አይመጣም፣ አማቴ ግን መሬቱ የራሳችን ነበር ነው የሚሉት። እጃችን ላይ ያለው ወረቀት በአያታቸው ስም የተቆረጠ የ1912 የግብር ደረሰኝ ነው፣ የመሬቱ ልክና አቀማመጥ በቁጥርና በፊደል ተጽፎበታል፣ ሴክሽን ታውንሺፕ ሬንጅ የሚል። ከዚህ ወዴት ልሂድ?

ዳላስ_ነዋሪ፦

እህቴ 1890ን ከሆነ ፍለጋውን ተይው። የዛ ዓመት ቆጠራ አብዛኛው ጥር 1921 ዋሺንግተን የንግድ ሚኒስቴር ህንጻ ውስጥ በተነሳ እሳትና ውሃ ተበላሸ፣ የተረፈውም ኋላ እንዲወገድ ተደረገ። ግን ካንሳስ ስለሆነ ዕድለኛ ነሽ፣ ካንሳስ የራሱን የስቴት ቆጠራ ያካሂድ ነበር፣ 5 ላይ በሚያልቁ ዓመታት፣ 1885 እና 1895 ያንን ክፍተት ይሞሉልሻል። 1885 ላይ ደሞ ወደ ካንሳስ የመጣኸው ከየት ነው ብሎ ይጠይቃል፣ በጦሩ ያገለገለ ካለም ይመዘግባል። ፋሚሊ ሰርች የሚባለው የዘር መፈለጊያ ዌብሳይት ላይ በነጻ አለ፣ አካውንት መክፈት ብቻ ነው። መጀመሪያ እሱን እዪ።

መዝገብ_ቤት፦

እኔ ለብዙ ዓመት የካውንቲ መሬት መዝገብ ላይ ሰርቻለሁ፣ ካንሳስ ባይሆንም አሰራሩ ተመሳሳይ ነው፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ። ሰው ሁሉ ስም ይዞ ነው የሚፈልገው። ለገበሬ ግን ስም መጥፎ መሪ ነው። ጸሐፊው እንደሰማው ይጽፈዋል፣ ነጻ ከወጡ ሰዎች ውስጥ ደሞ ብዙዎቹ አንዴ የጌታቸውን ስም አንዴ የአባታቸውን ስም ይዘው ተመዝግበዋል፣ ዕድሜም በየቆጠራው ይለዋወጣል። መሬት ግን አይንቀሳቀስም። አንቺ እጅ ያለው የግብር ደረሰኝ ካገኘሽው ሁሉ ይበልጣል፣ ከሱ ተነሺ።

እኛ አገር እኮ ዘር ይቆጠር የነበረው ለወሬ አልነበረም፣ ርስት ለመጠየቅ ነው፣ እገሌ እገሌን ወለደ የሚለው ከነማስረጃው የሚነሳው መሬት ሲከፈል ነው። እዚህም መሬቱ ነው የሚያናግራቸው፣ ልዩነቱ እዚህ የተናገሩት ሁሉ በጽሑፍ መቀመጡ ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። በ1862 ሊንከን የፈረመው የሆምስቴድ ህግ ለአንድ አባወራ እስከ 160 ኤከር ይሰጣል፣ በኛ መለኪያ አንድ ጋሻ ተኩል አለፍ ብሎ ማለት ነው። ሰውዬው የማስመዝገቢያ ከፍሎ ይገባል፣ ቤት ይሰራል፣ ያርሳል፣ አምስት ዓመት ይቀመጣል፣ ከዛ ሁለት ምስክር ይዞ መሬት ጽ/ቤት ይቀርብና ያረጋግጣል፣ ሲያረጋግጥ ፓተንት የሚባል የባለቤትነት ወረቀት ይሰጠዋል። አንቺ ያየሽው የቢ.ኤል.ኤም.፣ ማለትም የፌደራሉ መሬት አስተዳደር ቢሮ ዌብሳይት ያንን የመጨረሻውን ወረቀት ብቻ ነው የያዘው። ወርቁ ያለው ወረቀቱ እስኪሰጥ ድረስ በተጠራቀመው ፋይል ውስጥ ነው፣ እሱ ዋሺንግተን ናሽናል አርካይቭስ የሚባለው የመንግስት ሰነድ ማከማቻ ነው የሚገኘው፣ በጥያቄ ኮፒ ያወጡልሻል። እዛ ውስጥ ሰውዬው በራሱ አንደበት ምን ቀን መሬቱ ላይ እንደገባ፣ ቤቱ ስንት በስንት እንደሆነ፣ ከምን እንደተሰራ፣ ስንት ኤከር እንዳረሰ፣ ምን እንደዘራ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ እንደሆነ፣ ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ይናገራል። ምስክሮቹም ያንኑ ይጠየቃሉ። ስለ አንድ ተራ ገበሬ ከዚህ የበለጠ የሚያወራ ወረቀት እኔ አይቼ አላውቅም።

አሁን የምታደርጊው፦ ዌብሳይቱ ላይ በስም ሳይሆን በመሬቱ አቀማመጥ ፈልጊ። ስቴቱን ካንሳስ ብለሽ፣ ሜሪዲያኑን (የመሬት ልኬቱ የሚነሳበትን መስመር) 6ኛው ፕሪንሲፓል አድርገሽ፣ ደረሰኙ ላይ ያለውን ታውንሺፕ፣ ሬንጅና ሴክሽን አስገቢ። አንድ ታውንሺፕ 36 ሴክሽን ነው፣ አንድ ሴክሽን 640 ኤከር፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ሩብ የሚለው 160ው ነው። ያን መሬት ከመንግስት መጀመሪያ የወሰደው ማን እንደሆነ ይወጣልሻል። ሌላ ሰው ከሆነ የኛ ሰውዬ ገዝቶት ነው ማለት ነው፣ ያኔ ሂል ሲቲ ያለው የካውንቲው ሬጂስተር ኦፍ ዲድስ (የመሬት ሰነድ መዝጋቢ) ጋ ሽያጩን እንፈልጋለን። የሱ ከሆነም ጥሩ። ሞክሪና መልሽልን።

ቀጥተኛው፦

ይሄን ሁሉ ከምትደክሚ ለባለቤትሽም ለእናቱም የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ አሰሪ፣ በወር ውስጥ የኬንታኪ ዘመዶቻቸው ዝርዝር ይመጣል፣ አለቀ።

የሌክሲንግተኗ፦

@ቀጥተኛው በመሃል ገባሁ ይቅርታ፣ እኔ ኬንታኪ ነው የምኖረው፣ የልጆቼ አባት ቤተሰብም ከዚሁ ነው፣ በዚህ ነገር ብዙ ደክሜበታለሁ። ዲ.ኤን.ኤ. ጥሩ ነው፣ በተለይ እናትየው ቢመረመሩ ከባልሽ አንድ ትውልድ ይቀርባሉ፣ እሳቸው ፈቃደኛ ከሆኑ ይደረግ። ግን ዲ.ኤን.ኤ. የሚሰጥሽ ከማያውቁሽ ብዙ ሰዎች ጋር ትዛመጃለሽ የሚል ዝርዝር ነው። እነዛ ሰዎች የራሳቸውን ዘር ሰነድ ይዘው ካልሰሩት ዝርዝሩ ብቻውን የትም አያደርስም። ሰውዬው ምን ዘራ፣ የት ተኛ፣ ማንን አገባ፣ ከማን እጅ ነጻ ወጣ የሚለውን ደሞ ደም አይነግርሽም። ወረቀቱ ይቅደም፣ ዲ.ኤን.ኤ.ው ኋላ ማረጋገጫ ይሁን።

ወታደር ነበር የሚለውን አትናቂው ደሞ። እሱን ሳነብ ነው ልቤ የደነገጠው። የመሬቱን ነገር ስትጨርሺ እመለስበታለሁ።

የዴንቨሯ፦

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ! @መዝገብ_ቤት እንዳልከኝ በመሬቱ ቁጥር ፈለግኩ፣ ወጣ! ፓተንቱ በ1885 የተሰጠ ነው፣ ስሙ ግን የሱ አይደለም፣ የሚስቱ ነው፣ ከስሟ ቀጥሎ የእገሌ ባልቴት ይላል፣ እገሌ ያለው እሱን ነው። በሱ ስም ስፈልግ ያልመጣው ለዛ ነው። @ዳላስ_ነዋሪ ያልከውን የ1885 የካንሳስ ቆጠራም አየሁት፣ እሷ ነች የቤቱ ኃላፊ፣ አምስት ልጅ ይዛ፣ የመጣችው ከኬንታኪ ይላል፣ የአማቴ አያት አምስት ዓመቱ ነው። 1880 ላይ አለ 1885 ላይ የለም፣ በነዛ ዓመታት መሃል ነው የሞተው ማለት ነው። ለአማቴ ደውዬ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና አያቴ አባቱን አያውቀውም ነበር ማለት ነው አሉኝ። ስለ አባቱ ለምን ምንም እንዳላወራላቸው አሁን ገባቸው።

ግን አልገባኝም፣ እሷ እንዴት ወሰደችው? በዛ ዘመን ለሴት ይሰጡ ነበር እንዴ?

መዝገብ_ቤት፦

ይሰጣሉ። ህጉ ከመጀመሪያው ያላገባች ሴት ወይም ባልቴት በራሷ ስም መሬት እንድትይዝ ይፈቅዳል፣ ዕድሜዋ 21 ከሞላ ወይም የቤት ኃላፊ ከሆነች። ያገባ ሰው ጊዜውን ሳይጨርስ ከሞተ ደሞ ባልቴቲቱ መቀመጡንና ማረሱን ቀጥላ የቀረውን ጨርሳ በስሟ ታረጋግጣለች። ያንቺ የሆነው ይሄ ነው። እስቲ አስቢው፣ አምስት ልጅ ይዛ፣ ባሏ ሞቶ፣ መሬቱን ሳትለቅ እስከ መጨረሻው ሄዳ ወረቀቱን አወጣችው። እሷ ያን ባታደርግ መሬቱ ወደ መንግስት ይመለስ ነበር፣ የ1912 ደረሰኝም አይኖርም ነበር። ስለሱ እየጠየቅሽ እሷን አገኘሽ፣ ልጆቹ ሲቆጥሩ እሷንም ይቁጠሩ።

የቦታውን ኑሮ ለማወቅ ከፈለግሽ ደሞ፣ ያኔ እዛ አካባቢ ዛፍ የሚባል ነገር የለም፣ እንጨት ስለሌለ መጀመሪያ የመጡት ሰዎች መሬት ቆፍረው ከመሬት በታች ነው የኖሩት። ዊሊያና ሂክማን የምትባል በ1878 ከባሏ ጋር የመጣች ሴት የተናገረችው ተመዝግቦ አለ፣ መንደሩ ደረስን ሲባል ዓይኗ እስኪደክም ብታይ ምንም የለም፣ ባሏ ከመሬት የሚወጣውን ጭስ እያሳየ ኒኮዲመስ ያ ነው ሲላት አለቀሰች። በመጀመሪያው ክረምት የሚበላም አልነበረም፣ የኦሴጅ ህንዶች ከአደን ሲመለሱ እንዳካፈሏቸው የመንደሩ ሰው እስከዛሬ ይተርካል። የሆምስቴድ ፋይሉ ቤቱ ከምን እንደተሰራ ስለሚጠይቅ የእናንተም ከመሬት በታች እንደነበር ወይም እንዳልነበር ከዛ ታውቂዋለሽ።

አሁን ፋይሉን እዘዢ። ፓተንቱ ላይ ያለውን የመሬት ጽ/ቤት ስም፣ የማረጋገጫ ቁጥሩንና የመሬቱን አቀማመጥ ጽፈሽ ናሽናል አርካይቭስ ትልኪያለሽ፣ ዌብሳይታቸው ላይ ለመሬት ፋይል የተዘጋጀ ፎርም አለ። ፋይሉ ሲመጣ ሶስት ነገር ፈልጊ። አንደኛ ባልየው የሞተበትን ቀን፣ እሷ ባልቴት መሆኗን ማስረዳት ስላለባት ይኖራል ብዬ እጠብቃለሁ። ሁለተኛ ምስክሮቹን። ምስክር የሚሆነው ጎረቤት ነው፣ እዛ መንደር ላይ ጎረቤት ማለት ደሞ አብሮ ከኬንታኪ የመጣ ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም አማች ወይም የአንድ ቤተክርስቲያን ሰው። የናንተ ሰውዬ የ1870 ቆጠራ ላይ ከብዙ ሞክሼዎች ውስጥ የቱ እንደሆነ ካልተለየልሽ ምስክሮቹን 1870 ላይ ፈልጊያቸው፣ እነሱ ያሉበት ካውንቲ ላይ ያለው ሞክሼ ያንቺ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ኒኮዲመስ ከገቡት ብዙዎቹ ከስኮት ካውንቲ፣ ከጆርጅታውን አካባቢ ስለሆኑ ከዛ ጀምሪ።

ሶስተኛው ወታደር የሚለው ነው። በ1872 የወጣ ህግ አለ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኑ፣ ማለትም ለሊንከን ጦር ያገለገለ ሰው ያገለገለበት ጊዜ ከአምስቱ ዓመት ላይ ይቀነስለታል። ያ እንዲቀነስለት የአገልግሎት ማስረጃውን ማያያዝ አለበት። ስለዚህ እውነት ወታደር ከነበረ የክፍለ ጦሩ ስም ፋይሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ኦ አንድ ነገር፣ ለሌሎቻችሁም ይሆናል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በአካባቢው ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ እንዲያወጣ ይገደዳል፣ ማስታወቂያው የአራት ምስክር ስም ይዟል፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው ኋላ የሚቀርቡት፣ ስለዚህ ጋዜጣው ፋይሉ ላይ የሌሉ ሁለት ሰዎች ይጨምርልሻል። የድሮ ጋዜጦች ክሮኒክሊንግ አሜሪካ የሚባል ዌብሳይት ላይ በነጻ ይነበባሉ። የኒኮዲመስ የራሱ ጋዜጣ ዌስተርን ሳይክሎን በ1886 ነው የጀመረው፣ ላንቺ ፓተንት ዘግይቷል፣ ግን ከዛ በኋላ ስለ ባልቴቲቱና ልጆቿ ማን ታመመ ማን ማንን ጎበኘ ዓይነት ወሬ ሊኖረው ይችላልና አገላብጪው።

ዳላስ_ነዋሪ፦

ዋው እኔ ደሞ በመሬት ቁጥር መፈለግ እንደሚቻል ራሱ ዛሬ ነው ያወቅኩት። አንድ ጥያቄ፣ የኔ ሚስት አያት ነብራስካ መሬት ይዘው ነበር ግን አልተሳካላቸውም ትተውት ሄዱ ይባላል፣ እንደዛ ከሆነ የትም አይገኝም ማለት ነው?

መዝገብ_ቤት፦

@ዳላስ_ነዋሪ ይገኛል። ፓተንት ስላልወጣ ዌብሳይቱ ላይ አይመጣም፣ ግን መሬት ጽ/ቤቶቹ ማን የቱን መሬት እንዳስመዘገበ የሚጽፉበት ትራክት ቡክ የሚባል መዝገብ ነበራቸው፣ የተተወውም የተሰረዘውም እዛ ላይ አለ፣ ፋሚሊ ሰርች ላይ ተቀድቶ ተቀምጧል። በስም አይፈለግም፣ በመሬቱ አቀማመጥ ገጽ በገጽ ነው፣ አድካሚ ነው ግን ይገኛል። የተሰረዘ ማመልከቻም ፋይል አለው፣ እንደውም ለምን እንደተተወ የሚያስረዳ ደብዳቤ አንዳንዴ አለበት። ደሞ ሆምስቴድ ብቻ አይደለም፣ ከ1873 እስከ 1891 ዛፍ ተክሎ መሬት የሚወሰድበት ህግም ነበር፣ ሌሎቹ ከባቡር ኩባንያ የገዙ ናቸው፣ ያ ሲሆን ሰነዱ ካውንቲው ጋ ነው።

የሌክሲንግተኗ፦

እሺ አሁን ተራዬ ነው። @የዴንቨሯ የኬንታኪውን ጎን ልንገርሽ፣ ከባድ ነው፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ኬንታኪ ከደቡቡ ጋር አልተገነጠለችም፣ ስለዚህ የሊንከን የ1863 የነጻነት አዋጅ ኬንታኪን አይነካም ነበር። እዚህ ባርነት በህግ ያበቃው በታህሳስ 1865 በህገ መንግስቱ 13ኛ ማሻሻያ ነው። ከዛ በፊት ነጻ ለመውጣት ዋናው መንገድ ወታደር መሆን ነበር። ወጣቶቹ ከየእርሻው እየጠፉ ካምፕ ኔልሰን የሚባለው የጦር ሰፈር ይገቡ ነበር፣ ከ10 ሺህ በላይ ጥቁር ወታደር እዛ ተመዝግቧል። ሲመዘገብ ነጻ ይሆናል፣ በመጋቢት 1865 ደሞ የወታደሩ ሚስትና ልጆችም ነጻ እንዲሆኑ ኮንግረስ ወሰነ። ያንቺ ሰውዬ በ1845 ግድም ከተወለደ በዛ ጊዜ የ19 የ20 ዓመት ልጅ ነው፣ ልክ በዕድሜው ነው። ለሊንከን ተዋጋ ብሎ ቤተሰቡ ያስቀመጠው ቃል ራሱን ነጻ አወጣ ማለት ሊሆን ይችላል።

የጥቁር ወታደሮቹ የአገልግሎት ፋይል በስም ይፈለጋል፣ የፌደራሉ ፓርክ አስተዳደር (ፓርክ ሰርቪስ) የወታደሮችና መርከበኞች ዳታቤዝ በነጻ ነው። እንደ ኬንታኪ ባርነት እያለባቸው ካልተገነጠሉ ስቴቶች የመጣ ወታደር ፋይል ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። ለሰሜኑ ታማኝ ነኝ ያለ ባለባሪያ ለተመዘገበው ሰው እስከ 300 ዶላር ካሳ መጠየቅ ይችል ነበር፣ ስለዚህ አንዳንዱ ፋይል ውስጥ የባለቤቱ ስም፣ ሰውዬውን ከማን እንደገዛው ወይም እንደወረሰው የሚል ማስረጃ ተያይዞ ታገኚያለሽ። ሲነበብ ያማል። ግን ከ1870 ወደ ኋላ የሚያሻግረው ዋናው ድልድይ እሱ ስም ነው፣ ምክንያቱም በ1850 እና በ1860 የተደረገው የባሪያዎች ቆጠራ የሰዎቹን ስም አልጻፈም፣ የባለቤቱ ስም ይጻፍና ከስሩ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ መልክ ብቻ ነው። ወንድ፣ 15፣ ጥቁር። እንደዛ ነው የሚገኘው። የባለቤቱን ስም ካወቅሽ ግን ኑዛዜው፣ የንብረት ክፍፍሉ፣ የሽያጭ ሰነዱ በየካውንቲው ኮርትሃውስ አለ፣ እነዛ ላይ ሰዎቹ በስማቸው ተጽፈዋል፣ እናት ከልጅዋ ጋር የተጻፈችበትም አለ። ኬንታኪ ደሞ ከ1852 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የልደት መዝገብ ሞክራ ነበር፣ በባርነት የተወለዱ ህጻናት በጌታው ስም ስር ተመዝግበውበታል፣ የሰውዬው ታናናሾች ሊኖሩበት ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የጡረታ ፋይሉን ፈልጊ። በ1890 የወጣው ህግ ቢያንስ 90 ቀን ላገለገለ ወታደር ባልቴት ጡረታ ይሰጣል፣ በጦርነቱ ባይሞትም። እሷ በ1885 በህይወት ነበረች። ጠይቃ ከሆነ ጋብቻዋን ማስረዳት አለባት፣ በባርነት ዘመን የተፈጸመ ጋብቻ ግን ወረቀት የለውም፣ ስለዚህ የሚያውቋት ሰዎች ቀርበው ይመሰክራሉ፣ አንድ እርሻ ላይ ነው ያደግነው፣ ጌታችን እገሌ ነበር፣ ሲጋቡ ነበርኩ፣ እያሉ። የልጆቹም የልደት ቀን ይጻፋል። የጡረታ ኢንዴክሱ ፋሚሊ ሰርች ላይ ስላለ ካርዱን ካገኘሽ ቁጥሩን ይዘሽ ፋይሉን ከዛው ከናሽናል አርካይቭስ ታዢያለሽ። በ1866 ደሞ ኬንታኪ በባርነት ዘመን የተጋቡ ሰዎች ካውንቲ ጸሐፊ ጋ ቀርበው ጋብቻቸውን እንዲያስመዘግቡ ህግ አውጥታ ነበር፣ የስኮት ካውንቲውንም እሱን እዪ።

የዴንቨሯ፦

@የሌክሲንግተኗ እየተንቀጠቀጥኩ ነው ያነበብኩት። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ የ300 ዶላሩ ጋ ስደርስ አቁሚ አለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ደሞ ቀጥዪ አለኝ።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። የመሬቱን ፋይል ዛሬ አዘዝኩ። የጡረታ ኢንዴክሱን ስፈልግ በሷ ስም ባልቴት ብሎ ከካንሳስ የቀረበ ማመልከቻ ካርድ አገኘሁ፣ የባልየው ስምና ክፍለ ጦሩም አብሮ አለ፣ የጥቁሮች ከባድ መድፈኛ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ያለው ልክ ነው፣ ወታደር ነበር። እሱንም ፋይል አዘዝኩ። አሁን መጠበቅ ነው።

ያስጨነቀኝ አማቴ ናቸው። የባለቤቱ ስም ከመጣ፣ ማለቴ የገዛው ሰውዬ፣ ልንገራቸው? ወይስ የመሬቱንና የወታደርነቱን ብቻ? እናንተ ቤት እንዴት አደረጋችሁ?

የሌክሲንግተኗ፦

እኔ ብትጠይቂያቸው ነው የምለው፣ አንቺ አትወስኚላቸው። ሰማንያ ዓመት ጥቁር ሆነው እዚህ አገር የኖሩ ሴት ናቸው፣ ካንቺም ከኔም በላይ ያውቁታል። የልጆቼ አባት አያት፣ እኔ ስፈራ ስቸር ቆይቼ ስነግራቸው፣ የሰውዬውን ስም እንድጽፍላቸው ጠየቁኝና ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀመጡት፣ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም እኔም አልጠየቅኩም። ሌላው ሰው ደሞ መስማት አይፈልግ ይሆናል፣ መብቱ ነው። ወረቀቱ ሲመጣ አንቺና ባለቤትሽ ቀድማችሁ አንብቡት፣ ከዛ ምን እንዳለበት በደፈናው ንገሪያቸውና እሳቸው ይምረጡ። የሚነግራቸውም ልጃቸው ቢሆን ይሻላል።

ደሞ አሁኑኑ፣ ወረቀቱን ሳትጠብቂ፣ እሳቸውን ቁጭ አድርገሽ በስልክሽ ቅጂያቸው። ስለ ቅድመ አያታቸው አይደለም፣ ስለሚያውቁት ሰው፣ ስለ አያታቸው፣ ስለ ቤቱ፣ ማን ጎረቤት እንደነበር፣ ማን አክስት ይባል እንደነበር። የጎረቤት ስም ከምስክሮቹ ስም ጋር የሚገጥም ከሆነ ትልቅ ነገር ነው።

መዝገብ_ቤት፦

በዚህ ላይ እስማማለሁ። ሌላ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኒኮዲመስ ላይ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጁላይ የመጨረሻው ቅዳሜና እሁድ አካባቢ፣ የነጻነት በዓል የሚያከብሩበት ሆምካሚንግ አለ፣ የመንደሩ ዘሮች ከየስቴቱ ይመጣሉ፣ ከዴንቨርም የሚሄዱ ብዙ ናቸው። አማትሽ አቅሙ ካላቸው ይዘሻቸው ሂጂ። በአይ 70 ወደ ምስራቅ ነው፣ በጠዋት ከተነሳችሁ ከሰዓት ሳይገፋ ትደርሳላችሁ። የመሬቱን ቁጥርና የ1880 ቆጠራውን ገጽ አትመሽ ያዢ፣ ከነሱ መስመር በላይና በታች ያሉት ቤተሰቦች ዘሮች እዛ ሊገኙ ይችላሉ። አርብ ቀን ቀድመሽ ከደረስሽ ሂል ሲቲ ካውንቲው ጋ ግቢ፣ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ስለሆነ ነው፣ ደውለሽ ሰዓታቸውን ጠይቂ፣ ግራንቶርና ግራንቲ የሚባለውን የሻጭና የገዢ ማውጫ አውጡልኝ በያቸው፣ ከ1885 በኋላ መሬቱ ከሷ ወደ ልጇ እንዴት እንደተላለፈና መቼ ከቤተሰቡ እጅ እንደወጣ እዛ ነው ያለው።

የዴንቨሯ፦

ደወልኩላቸው። አማቴ ለጁላይ እንሄዳለን አሉ፣ ሁለት የአጎታቸውን ልጆችም ሊጠሩ ነው። ባለቤቴ ቫን እንከራይ እያለ ነው። ፋይሎቹ እንደመጡ እዚሁ እጽፋለሁ፣ ምስክሮቹን አብረን እንፈልጋቸዋለን።